ከቀለሙ በታች

መኪናውን በግቢው ውስጥ ራሱ ለሚቀባ ሰው፣ ቀለሙን መርጨት ከሥራው ሁሉ አጭሩ ነው። ልስላሴው የሚወሰነው ከዚያ በፊት ነው። ዝገት የበላው ቦታ ጤነኛው ብረት እስኪታይ ይፋቃል። የተሰረጎደው በስቱኮ ይሞላል፤ ሲደርቅ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል፤ ቀጥሎ በ180 ይለሰልሳል። ከፕራይመሩ በኋላ 400 እና 600 ይከተላሉ። ቁጥሩ ባደገ መጠን ወረቀቱ ይልማል፤ የፊተኛው የጫረውን የኋለኛው ያጠፋዋል። ደረጃ የዘለለ ሰው ጭረቱን በቀለሙ ላይ ያገኘዋል፤ አንጸባራቂ ቀለም ትንሿን ጉድጓድ ሳይቀር አጉልቶ ያሳያልና።

ቀለም በሚገባ የሚሸፍነው አንድ ጉድለት ግን አለ፤ እርሱም ዝገት ነው። ዝገቱ ሳይፋቅ ስቱኮ ቢለጠፍበትና በጥንቃቄ ቢለሰልስ፣ በዕለቱ ማንም በዓይኑ አይለየውም። እንግዲህ ገዢው ካልጠየቀ፣ ሻጩም በአፉ ካልዋሸ፣ በደሉ ምኑ ላይ ነው?

ብዙዎቻችን «ዝናቡ ያጋልጠዋል» እንላለን። እውነት ነው፤ የእንጅባራና የዳንግላ ክረምት ብርቱ ነው። ስቱኮ ውሃ ይመጣል፤ በቀጭን ስንጥቅ የገባው እርጥበት ዝገቱን ያብሰዋል፤ ቀለሙም አብጦ ይነሳል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ነገር ግን መኪናው ዝናብ ወደማያውቀው ቆላ ቢሸጥስ? በደሉ መጋለጡ ብቻ ከሆነ፣ አሳምሮ የደበቀ ሰው ንጹሕ ሊባል ነው። በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 13 ላይ ደካማውን ቅጥር የለሰኑ ሰዎች ሥራ በዝናብ ይፈርሳል። ጥፋቱ የተሠራው ግን ዝናቡ በመጣ ቀን ሳይሆን ልስኑ በተለሰነ ቀን ነው፤ ሕዝቡ በማይጸና ነገር እንዲታመን ተደርጓልና።

ለስላሳ ገጽም እንዲሁ ይናገራል። ገዢው መዳፉን በበሩ ላይ ሲያንሸራትት «ከሥር ያለው ደህና ነው» የሚል ምስክርነት ይቀበላል። ያንን ምስክርነት ያዘጋጀው ሰው ዝም ብያለሁ ሊል አይችልም። ዝገቱ ወለሉን ወይም ሻንሲውን የበላ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከመልክ ያልፋል፤ ሰው የሚሸከመው ብረት ነውና።

ታዲያ ማሳመር ሁሉ ማታለል ነው? አይደለም። በንጹሕ ብረት ላይ የተሞላ ስርጉድ በእርግጥ ተጠግኗል። ልዩነቱን ለማወቅ፣ ወጣት ወገኔ፣ ራስህን ይህን ጠይቅ፤ እያንዳንዱን ደረጃ በስልክህ ፎቶ ብታነሳው፣ ሳትሸማቀቅ ለገዢው ታሳየዋለህ? ብታሳየው ምናልባት ዋጋው ይቀንሳል። የቀነሰው ብር ግን ቀድሞም ያንተ አልነበረም።