በባዕድ አገር የሚጾም ቤት

በፍላቂት ደጋ ዐቢይ ጾም ሲገባ አገሩ ሁሉ ይጾማል። በጎረቤት ምድጃ የተጣደው ሽሮ ነው፤ ደወሉም የተኛውን ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ሕፃኑ «ለምን?» አይልም፤ ሁሉ ሲያደርገው ያያልና።

ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ለዶክትሬት ማዕረግ በባዕድ ዩኒቨርሲቲ የሚደክም ወንድማችን ግን ሃምሳ አምስቱን ቀን የሚሸከመው በቤቱ ብቻ ነው። በላሊበላ ቤዛ ኩሉ የሚዘመርበት ታኅሣሥ 29 እንኳ ለእርሱ የሥራ ቀን ነው። ሰባት ዓመት ያለፈው ልጁም ከትምህርት ቤት ተመልሶ «ጓደኞቼ ወተት ሲጠጡ እኔ ለምን እከለከላለሁ?» ይለዋል። ቀኑን ሙሉ «ለምን?» እያለ ሲመረምር የዋለ ምሁር ማታ «ዝም በል፥ ሥርዓት ነው» ብሎ ቢመልስለት እናዝናለን። እኛም መምህራን ምክንያቱን ሳናስረዳ ስለሸኘነው ከወቀሳ አናመልጥም።

ሙሴ በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 12 ልጆች ስለ ፋሲካው ሥርዓት ሲጠይቁ አባቶች እንዲመልሱ አዟል። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1652 ጀርመን አገር ጎታ ገብቶ፥ ሉዶልፍ ስለ ቋንቋችንና ስለ ሃይማኖታችን ሲጠይቀው ሳይሰለች አስረዳው። ለባዕድ ይህን ያህል ከተደከመ፥ ለገዛ ልጅማ እንዴት!

መልሱ ረጅም አይሁን። መጀመሪያው ሳምንት ዘወረደ፥ አርባው ጌታ በገዳመ ቆሮንቶስ የጾመው፥ የቀሩት ስምንቱ የሕማማት መሆናቸውን በጣት እያስቈጠረ ይንገረው። እናቲቱም ከጓዳ ትጠራ፤ እራቱ ጥቂት ይቈይና አብረው ቆመው አቡነ ዘበሰማያት ይበሉ።