ሲሾም ያልበላ

ከአየር ጤና ወደ ጦር ኃይሎች በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነው። ጠዋት ነውና ሰው ተጨናንቋል። አንዲት እናት አሮጌ ክላሰር ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ከጎናቸው ለተቀመጠው ሰው ብሶታቸውን ይነግራሉ። ለአንዲት የማስረጃ ወረቀት ሲመላለሱ ይህ አራተኛቸው ነው። አንድ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ገብቷል ይባላሉ፤ ሌላ ቀን ኔትወርክ የለም፤ በሦስተኛው ማኅደሩ አልተገኘም። ሰውየው አዳመጣቸውና «እማማ፣ ለሻይ ብለው ትንሽ ነገር ጣል አያደርጉም እንዴ? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እኮ ነው!» አላቸው። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ረዳቱም ሳቀ። ከኮልፌ ወደ ዩኒቨርሲቲ የምንመላለስ ሦስት ተማሪዎችም አብረን ሳቅን። እናትየዋ ግን አልሳቁም።

ከታክሲው ከወረድን በኋላ እርስ በርሳችን ተጠያየቅን። ለመሆኑ ምን አሳቀን?

ስለ አገራችን ሹማምንትና ስለ ሙስና ማማረር የዕለት ተዕለት ሥራችን ሆኗል። በዶርም፣ በሻይ ቤት፣ በለቅሶ ቤት ሳይቀር ወሬው ይኸው ነው። ይህች ጽሑፍ በዚያ ሁሉ እሮሮ ላይ ሌላ እሮሮ ለመጨመር አልተነሣችም። ጥያቄዋ አንድ ነው፤ ይኸውም፦ ሹም መጠየቅ ያለበት መቼ ነው? እኛስ የምንጠይቀው መቼ ነው? የሚል ነው።

በመጀመሪያ ተረቱን እንመርምር። ተረቱ የሌባ መፈክር ሆኖ አልተወለደም። በድሮው ሥርዓት ሹም የወር ደመወዝ አልነበረውም፤ ደመወዙ ራሱ ሹመቱ ነበር። በጉልት ከተሰጠው አገር ባላገሩ ይገብርለታል፤ እሱም በተራው ወታደሩንና ሎሌውን ያበላል። መሾምና መብላት አንድ ነገር ነበሩ ማለት ነው። በዚህ ላይ ሹም ሽር አለ፤ ዛሬ በነጋሪት የተሾመ ነገ በአንድ ቃል ይወርዳል። ነገውን የማያውቅ ሰው ደግሞ ዛሬን ይሻማል። እንግዲህ ተረቱ ያን ጊዜ የነበረውን እንደነበረ ነው የተናገረው። ጉልት በ1958 ዓ.ም. በአዋጅ ቀረ። ሹሙም ደመወዝተኛ ሆነ። ቃሉ ግን አልቀረም፤ ዛሬም የመንግሥት ገንዘብ የወሰደውን ሰው «በላ» እንለዋለን፤ እንደ ምሳ።

ደግሞ ልብ በሉ፤ ተረቱ ውስጥ ሁለት ጊዜያት ብቻ አሉ፦ መሾምና መሻር። በሁለቱ መካከል ጠያቂ የለም። የተበላበት ሰውም የለም። የቅርብ ጊዜ ታሪካችንን ብንመለከተው ከዚህ ብዙ አይርቅም። በዚህ ረገድ ማን ጥፋተኛ፣ ማን ንጹሕ ነበር ብለን እኛ አንፈርድም፤ የምናየው ጊዜውን ነው። አቶ ታምራት ላይኔ በ1989 ዓ.ም. ከሥልጣን ተነሡ፤ ከዚያ በኋላ በሙስና 18 ዓመት ተፈረደባቸው። በ1993 ዓ.ም. ሕወሓት ለሁለት ሲከፈል ከተሸነፈው ወገን የነበሩት አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ታሰሩ። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲወጡ ቢያዝዙም ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ ተመልሰው ተያዙ፤ ወዲያውም በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና የሚከለከልበት ሕግ ወጣ። የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽንም የተቋቋመው በዚያው ዓመት ነው። የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሜቴክ ያልነው፣ ወደ 37 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ ፈጽሟል ብሎ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የነገረን በኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የድርጅቱ ዋና ዳይሬክተር ከወንበራቸው ወርደዋል፤ የአገሪቱም መሪ ተለውጧል።

37 ቢሊዮን ብር በአንድ ሌሊት አይወጣም። የስኳር ፋብሪካዎቹ ሲጓተቱ አገር ያይ ነበር። ታዲያ በእነዚያ ዓመታት ጥያቄው የት ነበር?

«የለም፣ በወንበሩ ላይ ሳለ የተያዘም አለ» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው። የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር የነበሩት አቶ መላኩ ፈንታ በ2005 ዓ.ም. ከነሥልጣናቸው ተያዙ። ግን ለዓመታት ከታሰሩ በኋላ በ2010 ዓ.ም. ክሱ ተቋርጦ ወጡ። ሕዝቡ ከዚህ ምን ተማረ? መታሰርም መፈታትም ከላይ እንደ ዝናብ የሚመጣ ነገር መሆኑን ነው የተማረው። በዚህ አኳኋን ስርቆት ጥፋት መሆኑ ይቀርና መውደቅ ጥፋት ይሆናል። ወጣቱ ሹም የሚይዘው ትምህርት «አትስረቅ» ሳይሆን «አትውደቅ» ይሆናል።

ከእኛ በፊት በዚህ ግቢ ያለፉት ተማሪዎች መልሱን በቁጣ ፈልገውታል። «መሬት ለአራሹ» ብለው በ1957 ዓ.ም. ሲወጡ፣ ሥርዓቱ ሲወድቅ ሌብነቱም አብሮ ይወድቃል ብለው ያመኑ ብዙ ነበሩ። ሥርዓቱ ወደቀ። በ1966 ዓ.ም. የባለሥልጣናቱን ሥራ የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። ምስክር ይሰማ፣ ሰነድ ያገላብጥ ጀመር። ዳሩ ግን ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት፣ ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ፣ ደርግ ስድሳ ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ፤ ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮችም ከነሱ መካከል ነበሩ። ሰዎቹ አለቁ፤ ጥያቄውም አብሯቸው ተቀበረ። ማን፣ ስንት፣ ከማን፣ በማን ፊርማ የሚለው መልስ ሳያገኝ ቀረ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተለዋውጧል፤ ተረቱ ግን ይኸው በአየር ጤና ታክሲ ውስጥ ተሳፍሮ ይሄዳል።

እስቲ አሁን ደግሞ ጣታችንን ወደ ራሳችን እንመልስ። ለዚህች መጽሔት ወረቀትና ቀለም የሚገዛው ከየኪሳችን በምናዋጣው ገንዘብ መሆኑን ታውቃላችሁ። ከዚህ ቀደም ገንዘቡን የሚይዝ አንድ ጓደኛ ነበረን። ጨዋታ ዐዋቂ፣ ደግ ልጅ ነው። መዋጮው ሳይቀንስ መጽሔቷ ገጽ በገጽ እየሳሳች ሄደች። «ወረቀት ተወዷል» አለን፤ እኛም አዎ ተወዷል አልን። የታክሲ ሲያልቅብን ያበድረን ነበር፤ ከማን ገንዘብ እንደሚያበድረን ልባችን እያወቀ። ደረሰኝ አሳየን ለማለት ይሉኝታ ያዘን። ጓደኛ እንዴት ደረሰኝ ይጠየቃል? ተመርቆ በሄደ በሳምንቱ ግን ሻይ ቤት ቁጭ ብለን «ሌባ ነበር እኮ!» አልን። ያንኑ ተረትም ጠቀስን፤ ያኔም ሳቅን። እኛም የጠየቅነው ሲሻር ነው።

ጥቂት እሽግ ወረቀትና ቢሊዮን ብር እኩል ነው አንልም። እኩል ነው የሚል ሰው ትልቁን ሌባ በትንሹ ጀርባ ይሸሽገዋል። ለሻይ ብላ ሃምሳ ብር የምታስጨብጥ እናትና ማኅተሙን የያዘው ሰውም ኃጢአታቸው አንድ አይደለም፤ እሷ መብቷን መልሳ እየገዛች ነው፣ እሱ የሱ ያልሆነውን እየሸጠ ነው። ጥፋቱ በልክ በልኩ ይከፈል። የምንለው ይህን ነው፦ በሩቁ ሹም ላይ የጎደለው ነገር በቅርቡ ገንዘብ ያዥም ላይ ጎድሏል፤ ይኸውም በሥራው ላይ ሳለ፣ ፊት ለፊት፣ ያለ ስድብና ያለ ፍርሃት መጠየቅ ነው።

የዚህ መጉደል ዋጋው ገንዘብ ብቻ አይደለም። በዚሁ በኮልፌ ቀራንዮ ቆሼ አለ። ከ50 ዓመት በላይ የከተማው ቆሻሻ ተከምሮበታል። በ2008 ዓ.ም. መድፊያው ወደ ሰንዳፋ ተዛውሮ ነበር፤ የአካባቢው ገበሬዎች ተቃወሙና ብዙ ወራት ሳይቆይ መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። እዚያ ጉቦ ተበልቷል አንልም። ነገር ግን ሙስና የሚለው ቃል ከግእዙ ሲመጣ ትርጉሙ መበስበስ፣ መጥፋት ነው። ጠያቂ ያጣ ሥራ ባይሰረቅም ይበሰብሳል፤ ክምሩ ከፍ እያለ ሲሄድ ከሥሩ ሰው ይኖር ነበር። እኛም በመንገዱ ስናልፍ አፍንጫችንን ይዘን እናልፍ ነበር እንጂ «ይህ ነገር የማን ኃላፊነት ነው?» አላልንም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የጥንቶቹ የአቴና ሰዎች ሹማቸውን ዘመኑ ሲያልቅ ብቻ አይደለም የሚመረምሩት፤ በዓመት አሥር ጊዜ ጉባኤው ተሰብስቦ «ሹሞቻችን ሥራቸውን በደንብ ይዘዋል ወይ?» ብሎ ድምፅ ይሰጥ ነበር። ሩቅ ነው ካላችሁ ወደ ሰፈራችን ዕድር ኑ። ገንዘብ ያዡ ደብተሩን ይዞ ይቆማል፤ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ለየትኛው ለቅሶ። አንዲት እንጀራ ሻጭ ጎረቤታችን ተነሥተው «የድንኳኑ ጥገና ሁለት ጊዜ ተጽፏል» አሉ። ገንዘብ ያዡ አልተቆጣም። አየውና አረመው። ማንም አልታሰረም፣ ማንም አልተሰደበም። ሕገ መንግሥታችንም ቢሆን በ12ኛው አንቀጽ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን፣ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ሕዝብ ከቦታው ማንሣት ይችላል ይላል። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ለ25,491 የጋራ መኖሪያ ቤቶች የወጣው ዕጣ በቀናት ውስጥ የተሰረዘው፣ ኃላፊዎቹም በሥራ ላይ ሳሉ የተያዙት፣ ያልቆጠበ ሰው ስም መግባቱ ሳይውል ሳያድር ስለታወቀ ነው። ስለዚህ አይቻልም አይባልም።

እናትየዋ ወረቀታቸውን አግኝተው ይሁን አይሁን አናውቅም። በሚቀጥለው ጊዜ ግን ታክሲው ሲስቅ አብረን አንስቅም፤ ቢያንስ «የትኛው መስኮት ነው? ማን ነው የከለከለዎት?» ብለን እንጠይቃቸዋለን፤ ጊዜ ካለንም አብረናቸው እንሄዳለን። የዚህች መጽሔት የወረቀትና የቀለም ሂሳብም ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ ከነደረሰኙ በመጨረሻው ገጽ ይወጣል። የማይገባ ቁጥር ካያችሁ ጠይቁን፤ እስክንመረቅ አትጠብቁ።