ከኋላ የሚመጣ ድምፅ

የሳራውንድ ስፒከር አቀማመጥ ላይ ላዩን ሲታይ የሒሳብ ጉዳይ ነው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክር ግልጽ ነው፦ የፊቶቹ ግራና ቀኝ 30 ዲግሪ ላይ፣ የሳራውንዶቹ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ውስጥ። ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ የርቀቱን ልዩነት ሪሲቨሩ ያቻችለዋል። ግን ይሄ ሁሉ ስሌት የሚሠራው ለአንድ ወንበር ነው። የእኛ ሳሎን ደግሞ ለአንድ ሰው ተሠርቶ አያውቅም። ሶፋው ግድግዳውን ይዞ ይዞራል፣ መሀሉ ለእንግዳ ይለቀቃል፣ ጥግ ላይ ረከቦቱ ጋ ለተቀመጠችው ልጅ ከፊልሙ የሚደርሳት ከኋላው ስፒከር የሚወርደው ዝናብ ብቻ ነው።

ይሄ እንኳ ቀላሉ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግድግዳው ነው።

ሳራውንድ ማለት መክበብ ነው፤ እንዳ ኢየሱስ ደግሞ መከበብን ያውቃል። በ1888 ዓ.ም. የጣልያን ጦር እዚሁ ምሽግ ውስጥ ተከቦ፣ ምንጩ ተይዞበት፣ ውኃ ሲጠማው ለቆ ወጥቷል። ዛሬ አካባቢው የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው፤ ምህንድስና ይማሩበታል። ግን ያን ያህል ወደ ኋላ መሄድ አያስፈልግም። በጥቅምት 2014 መቐለ ከአየር ተደብድባለች። እዚህ ከተማ ከኋላና ከላይ የሚመጣ ድምፅ ዝም ብሎ "ኢፌክት" አይደለም።

ዓይን የማያየውን አቅጣጫ የሚጠብቀው ጆሮ ነው። የፊልም ሰዎችም የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው፤ "አፖካሊፕስ ናው" በ1979 እ.ኤ.አ. ሔሊኮፕተሩን በተመልካቹ ዙሪያ አዙሮታል። ተመልካቹ ግን ትኬት ቆርጦ ነው የገባው። ጎረቤት አልቆረጠም። የ40 ኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት 8 ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ የብሎኬት ግድግዳ ንግግሩንና ሙዚቃውን በአብዛኛው ያስቀራል፣ ጉምጉምታውን ያሳልፋል። ስለዚህ ለጎረቤት ፊልሙ አይደርሰውም። ፍንዳታው ብቻ ነው የሚደርሰው።

"ታዲያ እስከ መቼ በሹክሹክታ እንኑር?" የሚል አለ። እውነቱን ነው። እኔም የራሴን ፍርሃት በፈለግኩት ሰዓት፣ ሪሞቱን በእጄ ይዤ ልጋፈጠው እችላለሁ። ከግድግዳው ማዶ ያሉት እናት ግን ሪሞት የላቸውም።

ሰብዉፈሩን ከጋራው ግድግዳ ማራቅ፣ ማታ የሪሲቨሩን የሌሊት ሞድ መክፈት ይረዳል። ዲግሪና ሚሊሰከንድ ከመለካት በፊት ግን አንዴ በር አንኳኩቶ "አደይ፣ ማታ ማታ ይሰማዎታል?" ማለት አለ። "ምንም አይል ልጄ" ይሉ ይሆናል። ይሉኝታ ነው፤ እኔ እንደዚያ ቢሉኝም ቤዙን ዝቅ አደርገዋለሁ።