አራት ሆነው ተሸከሙት
(ማር. 2፡1-12)



ቅዱስ ማርቆስ በወንጌሉ አራት ሰዎች አንድ ሽባ ተሸክመው ወደ ጌታችን እንዳመጡ ይተርክልናል። የሕዝቡ ብዛት በሩን ቢዘጋባቸው ጣራውን ነድለው በሽተኛውን ከነአልጋው አወረዱት። የእነዚህ ሰዎች ስማቸው አልተጻፈልንም፤ ከሽባው ጋር ምን ዝምድና እንደ ነበራቸውም አልተነገረንም። ይሁን እንጂ ጌታችን የበሽተኛውን ኃጢአት ይቅር ያለው የተሸካሚዎቹን እምነት አይቶ መሆኑ ተጽፎልናል። አንድ ሰው በባልንጀሮቹ እምነት ወደ ጌታ ሊቀርብ ይችላል ማለት ነው። ይህን ቃል ይዘን ዛሬ ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል እንግባ።

ደባርቅንና ዳባትን የሚያውቅ ሁሉ የተማሪዎችን የኪራይ ቤት ያውቃል። በስሜን ተራሮች ግርጌ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች ወጣቶች ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ከተማ ይመጣሉ፤ ሦስትም አራትም ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ወላጆቻቸው የገብስ በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮና የእንጀራ ዱቄት ይልኩላቸዋል። ስንቁን የላከችው የአንዱ እናት ብትሆንም የሚበላው በኅብረት ነው። አንዱ ውኃ ሲቀዳ ሌላው ወጥ ይሠራል፤ በደጋው ብርድ አንዱን ብርድ ልብስ ለሁለት ይለብሳሉ። እንዲህ ያለው ኑሮ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የቆሎ ተማሪዎችም በየደብሩ ጎጆ ቀልሰው፣ ለምነው ያገኙትን ተካፍለው፣ በአንድ ጣራ ሥር ሲማሩ ኖረዋል። የሐዋርያት ሥራ ስለ መጀመሪያዎቹ ምእመናን የሚነግረን ያለውን በአንድነት የመካፈል ሕይወት (ሐዋ. 2፡44-46) በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ፣ ማንም ሳይሰብክበት፣ በየቀኑ ይፈጸማል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። በመጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። በመጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። አራት ልጆች በአንዲት ክፍል ለሚያድሩበት ቤት ግን ርቀትን መጠበቅ ምን ማለት ነው? ውኃ በጀሪካን ለሚቀዳበት ቤት እጅን ደጋግሞ መታጠብ ምን ማለት ነው? ክፍሎቹ ባዶ ቀሩ፤ ወጣቶቹም ደብተራቸውን ይዘው ወደየመንደራቸው ወረዱ። ትምህርት በራድዮና በቴሌቪዥን ይሰጣል ቢባልም መብራት ለሌለው መንደር የሚደርስ አልነበረም። ጎብኚዎች ከስሜን ብሔራዊ ፓርክ በመቅረታቸው በመንገድ መሪነት፣ በምግብ ማብሰልና በቅሎ በማከራየት የሚተዳደሩ ቤተሰቦችም ገቢያቸው ተቋረጠ።

ትምህርት ቤቶች ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በየደረጃው ተከፈቱ። አራት ከነበሩበት ክፍል ግን ሁልጊዜ አራቱም አልተመለሱም። በእነዚያ ወራት በክልላችን ያለ ዕድሜ ጋብቻ መበራከቱ በጊዜው ተነግሯል። የቤተሰብ ሕጋችን የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ቢያደርገውም፣ ትምህርት ቤት የተዘጋባት ልጅ በብዙ ቤት ለትዳር እንደ ደረሰች ተቆጠረች። ወንዱም ከበሬው ኋላ ወይም ከቀን ሥራው ቀረ። «ሦስታችሁ መጣችሁ፤ አራተኛዋ የት አለች?» ብሎ የጠየቀ ማን ነበር?

በዚህ ነገር ራሳችንን ንጹሕ አናደርግም። በራችንን ስንዘጋ ለሕግ ታዝዘናል፤ ይህም መልካም ነበር። ነገር ግን በራችንን ስንከፍት የመጡትን ቆጥረን ያልመጡትን ሳንቆጥር ቀርተናል። ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዷን የፈለገው እረኛ (ሉቃ. 15፡4-6) እንዲህ አላደረገም።

መለያየቱ ራሱ ኃጢአት አልነበረም። አባቶቻችን በኅዳር 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲያጠፋ፣ ቀባሪ እስኪታጣ ድረስ ሺዎች ሲያልቁ አይተዋል፤ እስከ ዛሬም ኅዳር 12 ቀን በየደጃፉ ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል፣ ኅዳር ይታጠናል። ከተላላፊ በሽታ መጠንቀቅ ባልንጀራን መውደድ ነው። ነፍሰ ኄር ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ መጋቢት 18 ቀን 2012 ዓ.ም. ሰው በሌለበት በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ፣ በዝናብ፣ ስለ ዓለም ሁሉ ሲጸልዩ አይተናል። አደባባዩ ባዶ ነበር፤ ጸሎታቸው ግን ሁላችንን ይዞ ነበር። ርቀት ኃጢአት የሚሆነው ሥጋ ሲራራቅ ልብም አብሮ ሲርቅ ነው።

ከዚያ በኋላ ሌላ መከራ ተከተለ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ቀረበ፤ የጭና ሕዝብ ሐዘን ከልባችን አልወጣም። የመማሪያ ክፍሎች የተፈናቃዮች ማደሪያ ሆኑ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። የዓለም የጤና ድርጅት በሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የኮሮና አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን አስታውቋል፤ በዚያ ጊዜ ከደብተሯ የተለየችው ልጅ ግን በመግለጫ አትመለስም። የሚሸከማት ሰው ያስፈልጋታል።

ወዳጆች ሆይ፣ አልጋው አራት ማእዘን አለው። አንዱ ማእዘን ቢለቀቅ ሸክሙ ያዘነብላል፤ በሽተኛውም ይወድቃል። ስለዚህ እያንዳንዳችን የየድርሻችንን እንያዝ።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ የወጣቶቻችሁን ስም ብቻ ሳይሆን የሚያድሩበትን ክፍልና የወላጆቻቸውን መንደር ዕወቁ። ክረምቱ ሳያልቅ ወደ ወላጆች ሂዱ፤ ስለ ልጅቱ ትምህርት ከአባቷ፣ ከእናቷና ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ተነጋገሩ። ኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችንና ካህናቶቻቸው በዚህ ሥራ ከእኛ ጋር ናቸው፤ የልጅ ጉዳይ የሁላችንም ጉዳይ ነው። ምእመናን ሆይ፣ በጎረቤታችሁ ተማሪዎች ተከራይተው እንደ ሆነ አንድ ጀሪካን ውኃ፣ አንድ ቁና ገብስ አትንፈጓቸው፤ አከራይ የሆናችሁም የታመመን ልጅ በፍርሃት ወደ መንገድ አታውጡ።

በአንድ ክፍል የምትኖሩ ወጣቶች ሆይ፣ አንዱ ቢታመም ዕቃውን ለዩለት፣ መስኮቱን ክፈቱለት፣ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ ብቻውን ግን አትተዉት። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በጎንደር በታሰረ ጊዜ ከባልንጀሮቹ ጋር መከራን ተካፍሏል፤ እርስ በርስ መጽናናታቸውም በእምነት አጸናቸው። የእናንተም ጠባብ ክፍል የፍቅር ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል።

በሩ ሲዘጋ አራቱ ሰዎች ወደ ቤታቸው አልተመለሱም፤ በጣራው በኩል መንገድ ፈለጉ። በደጃፍ የተቀመጠ ምግብ፣ በስልክ የተላከ ቃል፣ ለቀረች ልጅ የተጻፈች ደብዳቤ፣ እነዚህ ሁሉ የተነደሉ ጣራዎች ናቸው። በር በተዘጋ ጊዜ ሁሉ ጣራውን የምንነድልበትን እምነት መድኃኔ ዓለም ይስጠን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት ከወጣቶቻችን አይለይ።

አሜን።