ልጓም

ከእንጦጦ ጀርባ ወርዶ ሱሉልታ ሜዳ ለደረሰ ሰው፣ ጠዋት ሯጮቹ ከመታየታቸው በፊት ይሰማሉ። ጭጋጉ ከሣሩ ገና አልተነሣም። የጫማ ኮቴ ይቀርባል፤ ከዚያ ዘጠኝ ወይም አሥር ሴቶች፣ አንዷ የፊተኛዋን ተረከዝ እያየች፣ እግር በእግር ተከታትለው ያልፋሉ። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ አንድ ገበሬ ፈረሱን እየሳበ ወደ ገበያ ይወርዳል፤ ፈረሱ ልጓሙን ሲያኝክ ብረቱ ቅጭል ይላል። እነዚህን ሁለት ድምፆች ለዓመታት አብሬ ስሰማቸው ኖሬአለሁ። ስለ አንድ ነገር እንደሚናገሩ የገባኝ ግን በቅርቡ ነው።

አንድ ቀን ከእነዚያ ልጆች አንዷ ከልምምድ መልስ ደጃፌ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጣ ውኃ ስትጠጣ፣ የልምምድ ደብተሯን አሳየችኝ። ተራ የተማሪ ደብተር ነው። ሰኞ ጫካ፣ ማክሰኞ ፍጥነት፣ ረቡዕ ቀላል፣ ሐሙስ ኮሮኮንች። ከየቀኑ ጎን ደቂቃው ተጽፏል። ከአንዳንዱ ቀን ጎን በቀይ እስክሪብቶ የተሠራች ትንሽ ክብ አለች።

“ይቺስ ምንድን ናት?” አልኳት።

“የወር አበባዬ ናት፣ እትዬ” አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ገጾቹን ገለጥኩ። ከክቧ በኋላ ባለው ሳምንት “ዛሬ ቀለለኝ” የሚል ይበዛል። ክቧ ልትመጣ ጥቂት ቀን ሲቀራት ደግሞ “እግሬ እንቢ አለኝ” ይላል። ሁሉም ወር እንዲህ አልነበረም፤ የአንዲት ልጅ ደብተርም ማስረጃ አይሆንም። ግን ማንም ሳይነግራት፣ ሰውነቷን በራሷ እጅ መመዝገብ ጀምራ ነበር። “አሠልጣኝሽ ያውቃል?” ስላት ሳቀች። “ኧረ እትዬ፣ ይህንን ለእሱ ምን ብዬ?”

እኛ ሩጫን የእግር ሥራ እናደርገዋለን። እግር ግን ታዛዥ ነው፤ አዛዡ ከራስ ቅል ሥር ነው። የአንጎል ቅርፊት ላይ፣ ከአናት ወደ ጆሮ የሚወርድ እንደ መቀነት የተዘረጋ ስፍራ አለ። የጣት፣ የከንፈር፣ የእግር እንቅስቃሴ ትእዛዝ ከዚያ ይነሣል። እዚያ ያሉት የነርቭ ሴሎች በሥራቸው ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን “ሂድ” ይላል፤ ሌላው ይገታል። የሚገታው ወገን የሚጠቀምበት ኬሚካል ጋባ ይባላል። ገቺው ባይኖር እንቅስቃሴ አይፈጥንም፤ ይበታተናል። ስኒ ልናነሣ እጃችንን ስንዘረጋ ሌላው ጡንቻ ሁሉ አብሮ ይነሣ ነበር። ፈረሰኛ ይህን ያውቀዋል። ልጓም ፈረስን ማቆሚያ ብቻ ሳይሆን መምሪያም ነው። ቡራዩ ላይ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ሊጡን ከምጣዱ ዳር ወደ መሐል እያዞረች ስታፈስ፣ መስመሩ ሳይቆረጥ ክቡን የሚሞላላት፣ እጇ በልኩ ስለተለቀቀና በልኩ ስለተያዘ ነው።

ይህ ልጓም በሴት አንጎል ውስጥ ወሩን ሙሉ በአንድ ልክ አይያዝም። ደም ከመጣበት ቀን አንሥቶ እንቁላል እስክትለቀቅ ድረስ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን እያደገ ይሄዳል። እንቁላሏ ከተለቀቀች በኋላ ፕሮጄስትሮን ይነግሣል። ሴቲቱ ካልፀነሰች ሁለቱም ይወርዱና ደሙ ይመጣል። እነዚህ ሆርሞኖች ማሕፀን ላይ ብቻ የሚሠሩ አይደሉም። በደም ተጉዘው አንጎል ይገባሉ። ኢስትሮጅን “ሂድ” ባዩን ወገን ያበረታል። ከፕሮጄስትሮን የሚወጣው አሎፕሬግናኖሎን ደግሞ ጋባ የሚያርፍበት በር ላይ ገብቶ ገቺውን ያጠነክራል። አንዱ ልጓሙን ያላላል፤ ሌላው ይስበዋል።

ይህን በዓይን ለማየት መንገድ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። በእንግሊዟ ሸፊልድ ከተማ አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ የራስ ቅል ሳይከፈት ያንን የአንጎል ስፍራ ከውጭ የሚነካ መሣሪያ ሠሩ። የሽቦ ጥቅልል ከራስ አጠገብ ይያዛል፤ ለቅጽበት የመግነጢስ ምት ይለቃል፤ ሰውየው ሳያዝዘው ጣቱ ብድግ ይላል። ሁለት ምት በሺሕኛ ሰከንዶች ልዩነት ሲከታተል፣ ደካማው የፊተኛው ምት ልጓሙን ይቀሰቅሰዋል፤ ሁለተኛው ጣቱን የሚያነሣው ባነሰ ጉልበት ይሆናል። የቀነሰው መጠን ልጓሙ ምን ያህል እንደጠበቀ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1999 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተመራማሪዎች ጤነኛ ሴቶችን በዚህ መንገድ በተለያዩ የወሩ ቀናት ለኩ። እንቁላል ከመለቀቋ በፊት መግታቱ ላልቶ፣ ፕሮጄስትሮን በሚነግሥባቸው ቀናት ጠብቆ አገኙት። ሴቶቹ ያው ናቸው፤ ጣቱም ያው ጣት ነው። የተለወጠው ቀኑ ነው።

በዚህ ላይ የሚጨመር የሕሙማን ምስክርነት አለ። የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሴቶች አንዳንዶቹ የሚጥላቸው ደማቸው ሊመጣ ሲል ነው። ፕሮጄስትሮን በድንገት ሲወርድ አንጎል ልጓሙን ያጣል። ይህን ሐኪሞች ከመቶ ዓመት በላይ ያውቁታል። በየሰፈራችን ያለች፣ ስትወድቅ ክብሪት የሚጫርላት ሴት ግን ቀኗን እንድትቆጥርና ቁጥሯን ለሐኪም እንድታሳይ ማን ነግሯት ያውቃል?

በጤነኛ ሰውነት ላይ ግን ጉዳዩን ከልኩ በላይ ማግዘፍ ስሕተት ነው። ካናዳ ውስጥ ዶሪን ኪሙራና ኤሊዛቤት ሃምፕሰን ሴቶችን በጣት ቅልጥፍናና በፍጥነት አነጋገር ፈትነው፣ ኢስትሮጅን ከፍ ባለበት ጊዜ እጅና ምላስ ቀልጠፍ እንደሚሉ ጽፈው ነበር፤ ከእነርሱ በኋላ የሠሩት ሁሉ ግን ያንኑ አላገኙም። ስለ ስፖርት ብቃት የተደረጉ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ትንተናም፣ በወር አበባ የመጀመሪያ ቀናት ብቃት ቢቀንስ እንኳ እጅግ በጥቂቱ እንደሆነ፣ ከሴት ሴትም እንደሚለያይ ደምድሟል። እንግሊዛዊቷ ሯጭ ፖላ ራድክሊፍ እ.ኤ.አ. በ2002 ቺካጎ ላይ የማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው በወር አበባ ቁርጠት ላይ ሆና እንደነበር ራሷ ተናግራለች። ሰበታ ዙሪያ ባሉት የአበባ እርሻዎች ጽጌረዳ የሚቆርጡት እጆችም በየትኛውም ቀን ይቆርጣሉ። ልጓሙ ሲጠብቅ መንገዱ አይዘጋም። ያው መንገድ በሌላ አያያዝ ይሄዳል።

ይህን መለየት ለምን እንደሚያሳስበኝ ልናገር። “የሴት ሰውነት በየወሩ ይለዋወጣል” የሚለው እውነት ለብዙ ዘመን የተጠቀሙበት ሴትን ለማስቀረት ነው። የሴቶች ማራቶን ኦሊምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ 10,000 ሜትር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988። ደራርቱ ቱሉ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ የ10,000 ሜትሩን ወርቅ ስታጠልቅ፣ ውድድሩ ለሴቶች ሲካሄድ ገና ሁለተኛ ጊዜው ነበር። ሳይንሱም ቢሆን የወሩ መለዋወጥ ስሌቱን ያወሳስበዋል ብሎ ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው ወንዶችን ሲለካ ኖሯል። መለዋወጡን መካድም መድኃኒት አልሆነም። መካድ ያቺን ልጅ ክቧን ደብቃ እንድትሮጥ አደረጋት።

ቋንቋችን ራሱ እዚህ ላይ ሁለት ልብ ነው። አንድ ጊዜ አደፍ ይለዋል፤ አንድ ጊዜ አበባ። ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ። ሃይማኖቶቻችን ቢያንስ እነዚህን ቀናት ይቆጥራሉ። ኦርቶዶክስ ክርስቲያኗ በቅጽሩ ቆማ ታስቀድሳለች፤ ሙስሊሟ ከሶላቷ ታርፋለች፣ ጾሙንም በሌላ ቀን ትከፍላለች። እናቶቻችን ቀኑን ያውቁት ነበር። ቀኑን የማያውቀው የልምምድ መርሐ ግብሩ ነው።

ከወራት በኋላ ያቺ ልጅ ተመልሳ መጣች። ከስታ፣ ጉንጯ ገብቷል። ደብተሯን ጠየቅኋት። ሦስት ወር ሙሉ ቀይ ክብ የለም። “ጠፋ፣ እትዬ። ግልግል ነው፤ ኮንዲሽኔም ጥሩ ነው” አለች።

ግልግል አይደለም። ሰውነት ለሚሮጠው ሩጫ የሚበቃ ምግብ ሲያጣ፣ ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል ቁጠባ ይጀምርና ቅድሚያ የማይሰጠውን ይዘጋል። የወር አበባ የሚቀረው ያኔ ነው። ኢስትሮጅን ይወርዳል፤ አጥንት ይሳሳል፤ የሃያ ዓመት ልጅ እግር በልምምድ ብዛት ይሰነጠቃል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ለዚህ የጉልበት እጦት ስም ሰጥቶ አሠልጣኞችን አስጠንቅቋል። ይህንን በቀላል ቃል ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ “ሐኪም ዘንድ ብሄድ ሩጪ አይለኝም ብዬ ነው” አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሽሮና ግማሽ እንጀራ በልቶ በ2,700 ሜትር ከፍታ ሁለት ሰዓት የሚሮጥ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ምግብ ነው። የሚሰማው ሰውም ያስፈልገዋል።

ድንጋዩ ላይ አብሬያት ተቀምጬ ሳለሁ የገበሬው ፈረስ እንደገና አለፈ። ጥሩ ፈረሰኛ ልጓሙን ሁልጊዜ አይጎትትም፤ ሁልጊዜም አይለቅም። ፈረሱ ዛሬ እንዴት እንዳደረ በእጁ ያውቃል። በሱሉልታ የሚሮጡት ልጆች ይህንን እውቀት ስለ ራሳቸው መያዝ ጀምረዋል፤ በቀይ እስክሪብቶ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሴት ልጅ የምታሠለጥኑ ሁሉ፣ እባካችሁ በልምምድ ደብተሩ ላይ ከደቂቃው አጠገብ አንድ ዓምድ ጨምሩ። በሥሩ የተጻፈውንም ስታነቡ አትሳቁ፣ አታፍሩ። ሴት ልጅ ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ ክቧ ስትመጣ ብቻ ሳይሆን ስትጠፋም ጠይቋት። የእያንዳንዷ ሴት ወር የራሷ ነው፤ ሃያ አንድ ቀንም ይሁን ሠላሳ አምስት፣ ቆጥራ የምታውቀው እርሷ ናት። የእኛ ድርሻ ስትናገር መስማት ነው።