ውኃው ሥራ ላይ ነው

ሰባት ቀን ሙሉ ብስክሌት የነዳ ሰው ስምንተኛውን ቀን እንዴት ማሳለፍ አለበት? ጥያቄው ቀልድ ይመስላል። በጥር 1998 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ግን ቁርስ እየበላን ሊያጣላን ምንም አልቀረውም ነበር።

ሰባት ሆነን ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር በብስክሌት እየተጓዝን ነው። ስፖርተኞች አይደለንም። መምህር አለ፣ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ ኢንጂነር አለ፣ ስልሳ ዓመት የሞላቸው ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ጡረተኛም አሉ። እኔ ሲጋራ ካቆምኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ስንወርድ ፍሬን ከመጨበጥ ብዛት ጣታችን ደነዘዘ። ከድልድዩ ወደ ደጀን ያንኑ ያህል ዳገት ስንወጣ ደግሞ ከመንዳታችን መግፋታችን በለጠ። በየመንደሩ ሕፃናት ሄልሜታችንን እያዩ «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» ይሉናል። «ኧረ ያገር ልጅ ነን!» ብንል የሚያምነን ጠፋ። አውቶቡስ እያለ አምስት መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር ፔዳል እየረገጠ የሚመጣ ጤነኛ ሐበሻ የለም ብለው ይሆናል። አይፈረድባቸውም።

ወደ ጠቡ ልመለስ። የባንክ ሠራተኛው «እረፍት ማለት መተኛት ነው» አለ። በየቀኑ የነዳነውን ኪሎ ሜትር በደብተር የሚመዘግበው እሱ ነው፤ ነገሩ ሂሳብ ሆኖ ነው የሚታየው። እኔ ደግሞ «ይህን ያህል ደክመን መጥተን ጢስ ዓባይን ሳናይ ልንመለስ?» ብዬ ተከራከርኩ። አሸነፍኩም። ብስክሌቶቹን ሆቴል ትተን ሚኒባስ ተኮናተርን፤ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ በፒስታ መንገድ አቧራ እየጠጣን ጢስ ዓባይ ከተማ ደረስን። ቲኬት ቆረጥን። በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግረን፣ አቀበቱን ወጥተን፣ ከፏፏቴው ፊት ለፊት ቆምን።

ያየነው ጥቁር ገደል ነው። በገደሉ ላይ ቀጭን ውኃ ተንጠልጥሏል።

ከኪሴ የአንድ ብር ኖት አወጣሁ። የዚያን ጊዜዋን ብር የምታስታውሱ ታውቃላችሁ፤ በጀርባዋ ላይ ጢስ ዓባይ አለ። በክረምት ቁመቱ ከአርባ ሜትር በላይ፣ ወርዱ እስከ አራት መቶ ሜትር ሆኖ የሚወርደው ያ ፏፏቴ ብሯ ላይ እንደ ጉድ ይፈሳል። ብሯን ወደ ገደሉ አስጠጋኋትና ለሚያስጎበኘን ወጣት «ይኼ የት ሄደ?» አልኩት፤ ትንሽም ቆጣ ብዬ።

ልጁ ሳይደናገጥ «ሥራ ላይ ነው፣ ጋሼ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1956 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኤሌክትሪክ ማመንጫ አሥራ አንድ ሜጋ ዋት ገደማ ነበር፤ ከወንዙ የሚቀነስለትም ትንሽ ነው። በ1993 ዓ.ም. የመጣው ሁለተኛው ግን 73 ሜጋ ዋት ነው። በበጋ ወንዙ ሲቀንስ አብዛኛው ውኃ ከፏፏቴው በላይ በቦይ ተጠልፎ ወደ ተርባይኑ ይገባል። ለገደሉ የሚተርፈው ያየነው ነው።

መጀመሪያ የተሰማኝ የተታለለ ሰው ንዴት ነው። «ለዚህ ነው ሰባት ቀን የተሰቃየሁት?» አልኩ በልቤ። ቆይቼ ሳስበው ግን የሚያሳፍረው እዚህ ላይ ነው። ማን ተሰቃይ አለኝ? ዓባይ ብስክሌት ንዳ ብሎኛል? ሰው በገዛ ፈቃዱ የደከመውን ድካም ቆጥሮ ሌላው እንዲከፍለው የሚጠብቅበት ክፉ ልማድ አለን። ወላጅ «ስንት ደክሜብህ» ይላል፤ ባል «ለማን ብዬ ነው የምለፋው» ይላል፤ እኔም ፏፏቴውን ባለዕዳ አደረግሁት። ለገና ላሊበላ ድረስ በእግሩ የሚሄድ ገበሬ ከእኔ እጥፍ ይደክማል። ደርሶ ግን «ካሱኝ» ሲል አልሰማሁም።

ሌላም አለ። አዲስ አበባ መብራት ሲጠፋ ከሰፈሬ ቀድሞ የሚራገመው እኔ ነኝ። የጢስ ዓባይ ኃይል የሚገባው ደግሞ እኔ ቤት ከሚደርሰው የአገሪቱ መስመር ውስጥ ነው። እንግዲህ ላየው የመጣሁት ውኃ ቀድሞኝ ቤቴ ገብቷል፤ ፍሪጄን ያቀዘቅዛል፣ ሸሚዜን ይተኩሳል። ገደሉ ላይም እንዲወርድልኝ፣ ሶኬቴ ውስጥም እንዲኖርልኝ ፈለግሁ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብቆም ራሴን ወቅሼ፣ ልማትን አመስግኜ ልሄድ ነበር። ወደ ሚኒባሱ ስንመለስ ግን የነጠላና የቅል ዕቃ ከሚሸጡ ሴቶች አንዷን አገኘሁ። ዕድሜያቸው የእናቴን ያህላል። «እማማ፣ ውኃው ሲቀንስ ገበያውም ቀነሰ?» አልኳቸው።

«ገበያውማ ቀነሰ፣ የኔ ልጅ። እኛ ግን ድምፁን ነው ያጣን» አሉኝ። «ሌሊት እሱን እየሰማን ነበር የምንተኛ። የቀነሰ ሰሞን ልጆቹን እንቅልፍ እምቢ አላቸው። አሁን ክረምት ክረምት ይመጣል፤ እንደ እንግዳ።»

ቤታቸው መብራት እንዳለ ጠየቅኋቸው። በአገጫቸው ከራሳችን በላይ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ሽቦ አሳዩኝና «በላያችን ያልፋል» አሉ።

የምለው ጠፋኝ። ነጠላ ገዛሁ። ሰው የሚለው ሲጠፋው ዕቃ ይገዛል።

እስከዚያ ድረስ ክርክሩ በውበትና በመብራት መካከል ይመስለኝ ነበር። ባለ ክርክሮቹም እኛው፣ የሚያየውና የሚያበራው። እኒህ ሴት ከሁለቱም ወገን የሉም። የሰጡት ካሜራ የማያነሳውን ነው፤ በምትኩ ያገኙትም የለም። ጠይቋቸውስ ያውቃል?

ሚኒባሱ ውስጥ ኢንጂነሩ ዝም አላለም። «ስሜታዊ አንሁን» አለ። «ውኃ ዝም ብሎ ከሚወድቅ ሠርቶ ቢወድቅ ይሻላል። ሥራ የማይሠራ ነገር ብክነት ነው። ለሴትየዋ ደግሞ መብራት ይግባላቸው፤ አለቀ።» ስለ መብራቱ ያለው ትክክል ነው፤ ማንም አልተቃወመውም።

ጋሼ ከኋላ ወንበር ሆነው ጉልበታቸውን ሲያሹ ነበር። «አንተ ልጅ» አሉት፣ «ዛሬ ስንት ኪሎ ሜትር ነዳህ?»

«ዛሬማ እረፍት ነው፣ ጋሼ።»

«ብክነት ነዋ!»

ሳቅን። ኢንጂነሩም ሳቀ፤ ግን «የሰውና የውኃ ይለያያል» አለ። ይለያያል፣ እውነት ነው። ውኃ አይደክመውም፤ እረፍት ስጡኝም አይልም። ሆኖም እኛ ራሳችን ለዚያ ቀን የተከራከርነው ደክሞን ብቻ ነው? ደክሞን ብቻ ቢሆን እንደ ባንክ ሠራተኛው አሳብ እንተኛ ነበር። የፈለግነው ለምንም የማይጠቅም አንድ ቀን ነው፤ ወደ ጎንደር አንድ ሜትር እንኳ የማያስጠጋን ቀን። እንዲህ ያለ ቀን ለራሳችን እንደሚገባን ማንም አልተጠራጠረም። ሙሉውን ቀርቶ ከወንዙ ትንሽ ድርሻ፣ በበጋም ቢሆን፣ ያለ ሥራ ይውደቅ ቢባል ግን ሜጋ ዋቱን እናሰላለን። እኔ ማመንጫው መሠራት አልነበረበትም አልልም፤ ይህን የምጽፈውም በአምፖል ነው። ሲሠራ ግን ለገደሉ የሚቀረው ድርሻ በትርፍራፊ መልክ ሳይሆን ከተርባይኑ ድርሻ እኩል ቀድሞ መቆረጥ ነበረበት እላለሁ። ያም ለእኔ ቢጤ ጎብኚ ተብሎ አይደለም። ድምፁን ለሚተኙበት።

ከዚያ ወዲህ በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ተመረቀ። ውኃውን ከሐይቁ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ይለቀዋል፤ ያ ውኃ ከዓባይ የሚገናኘው ታች ቆላ ነው፣ ፏፏቴውን ሳያየው። ጢስ ዓባይ ያሉት ማመንጫዎች ወደ ተጠባባቂነት ወረዱ። የብር ኖቷም በሳንቲም ተተክታለች።

ያን ዕለት ማታ የባንክ ሠራተኛው ደብተሩን አወጣ። «ባሕር ዳር፣ 0 ኪ.ሜ.» ብሎ ጻፈ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወደ ጎንደር ተነሣን። ከከተማው እንደወጣችሁ መንገዱ ዓባይን በድልድይ ይሻገራል። ውኃው እዚያ ጋ ገና ከጣና መውጣቱ ነው፤ ሰፊ ነው፣ ዝግ ብሎ ይሄዳል። ጋሼ ድልድዩ መሐል ላይ ፍሬን ያዙ። ፊታችን መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል አለ፤ ፀሐይ ሳይበረታ መሄድ ነበረብን። ኢንጂነሩ ሰዓቱን አየ። ከዚያ እሱም ከብስክሌቱ ወረደ።