“በሰላም ተገላገለች” ብሎ መዝጋት

አንዲት ሴት ስትወልድ ለዘመድ አዝማድ የሚደወለው ይቺን ዓረፍተ ነገር ይዞ ነው፤ “በሰላም ተገላገለች።” ደዋዩ ወንድ ይሁን ሴት ይጨምርበታል፣ ኪሎውንም ይናገራል። ወዲያ ማዶ እልል ይባላል፣ ስልኩ ይዘጋል። ቃሉ ደስ ይላል። ሁለት የተጣሉ ሰዎች መሀል ገብቶ የለያያቸውን ሰው “ገላገላቸው” እንላለን፤ ከጭንቅ የወጣም “ተገላገልኩ” ይላል። ነፍሰ ጡርም እንደዚያው፣ ሁለቱ ነፍሶች ሳይጎዳዱ ሲለያዩ ተገላገለች ይባላል።

ግን ይሄ ቃል የሚዘጋው በር አለ። ከተገላገለች በኋላ “እንዴት ነበር?” ብሎ መጠየቅ ትርፍ ይመስላል። ልጁ ደህና፣ እናቲቱ ደህና፤ ሌላ ምን ቀረ?

እኔ ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ። በሥራዬ እንዲህ ያለ መልስ ማንንም አያሳርፍም። ሰርቨሩ ሌሊቱን ሙሉ አልወደቀም ማለት ሰዎች በደንብ ተስተናገዱ ማለት አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ስትለካ፣ ያልለካኸው ሁሉ የሌለ ይመስልሃል።

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ወለድኩ። ምጡ 16 ሰዓት ፈጀ፤ በዚያ ውስጥ ሁለት ተረኛ አዋላጆች አየሁ። የቀኗ ስሜን አልጠየቀችኝም፣ “አራት ቁጥር” ነበር የምትለኝ። ሳትነግረኝ ትመረምረኛለች። መጋረጃው ክፍት ነው፣ ተማሪዎች ቆመው ያያሉ። አጠገቤ ያለችው ልጅ ስትጮህ “ስታረግዢ ጮኸሻል?” ተባለች። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች።

ማታ ተረኛዋ ተቀየረች። አዲሷ መጀመሪያ ስሟን ነገረችኝ፣ ከዚያ ስሜን ጠየቀች። “አሁን ልመረምርሽ ነው፣ ትንሽ ያምሻል፤ ልቀጥል?” አለችኝ። ስጮህ እጄን ይዛ “አይዞሽ እናቴ፣ በርቺ” ትለኛለች። አልጋው ያው አልጋ ነው፣ ክፍሉም ያው ክፍል። እንዲያውም ማታ የባለሙያው ቁጥር ያንሳል።

ይሄን ለእማዬ ስነግራት “ማርያም ምራሻለች፣ ልጅሽንም ታቅፈሻል። ምን ጎደለሽ?” አለችኝ። እማዬ ክፉ ሆና አይደለም። የመጀመሪያ ልጇን ቤት ውስጥ ሁለት ቀን አምጣ፣ ሞቶ ነው የወጣው። ለእሷ ሆስፒታል ማለት ከሞት የሚያስጥል ቤት ነው። ቁጥሮቹም እሷን ይደግፋሉ። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የሚፈጸሙት 5 ገደማ ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 ደርሰዋል። በ2000ው ጥናት ለ100,000 በሕይወት ለተወለዱ ሕፃናት 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016ቱ 412 ሆነዋል። ይሄን የሚንቅ ሰው እማዬ ፊት ቆሞ ይናገር።

ነገር ግን የእማዬ መልስ የሌላ ጥያቄ መልስ ነው። “ተረፍሽ ወይ?” ለሚለው አዎ፣ ተመስገን። “እንደ ሰው ተያዝሽ ወይ?” ለሚለው ግን መትረፌ መልስ አይሆንም። ጎርፍ ሲወስደኝ ጎትቶ ያወጣኝን ሰው ዕድሜ ልኬን አመሰግነዋለሁ። ዳር ካደረሰኝ በኋላ በጥፊ ቢለኝ ግን፣ ማውጣቱ ጥፊውን ትክክል አያደርገውም። ምስጋናና ቅሬታ አንድ ልብ ውስጥ አብረው መኖር ይችላሉ።

“አዋላጆቹስ? አንድ ሰው ለስንት ሴት?” የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ድካሙ አለ፣ የዕቃ እጥረቱ አለ፣ ተማሪ እያለች እሷም በጩኸት ነው የተማረችው። የሰው ኃይሉ፣ መጋረጃው፣ የቤተሰብ ሰው መግቢያው የተቋሙ ዕዳ ነው እንጂ የአንዲት ነርስ አይደለም። የልጁ የልብ ምት ሲወርድ “ግፊ!” ብሎ መጮህም ስድብ አይደለም፣ ሥራ ነው። “ስታረግዢ ጮኸሻል?” ግን የማንንም ልብ ምት አያስተካክልም። ስም መጠየቅም በጀት አይፈልግም።

ደግሞ ክብርንና ሕይወትን እንደ ሁለት ወረፋ፣ አንዱ ካለቀ በኋላ ሌላው የሚጀምር አድርገን ማየታችን ራሱ ስህተት ይመስለኛል። እናቶችን ከሚገድሉት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የደም መፍሰስ ነው። ዝም በይ የተባለች ሴት “ደሙ በዛብኝ” ለማለትም ትፈራለች። ተሰድባ የወጣች ሴት ሰፈር ስትመለስ ለጎረቤቷ የምትነግራት ምንድነው? ጎረቤቷስ ምጧ ሲመጣ ወዴት ትሄዳለች? በየገጠሩ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ውስጥ ገንፎ የሚገነፋውና ቡና የሚፈላው እኮ ለጌጥ አይደለም። ሴቲቱ ቤቷ እንዳለች ካልተሰማት እንደማትመጣ ስለገባቸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 ባወጣው የወሊድ እንክብካቤ መመሪያ አክብሮትንና የመረጠችው ሰው አጠገቧ መሆንን ከሕክምናው ምክሮች ጋር አንድ ላይ አስቀምጧቸዋል።

ስለዚህ አራስ ልንጠይቅ ስንሄድ “እንኳን ማርያም ማረችሽ” ማለታችንን አንተው፤ ትልቅ ነገር ነው። ግን እዚያ ላይ አንዝጋው። ቁጭ ብለን “እንዴት ያዙሽ?” እንበላት። መጀመሪያ “ደህና ነው” ትል ይሆናል፣ እንደዚያ ማለት ስለለመድን። ገንፎው እስኪበርድ ድረስ ግን ጊዜ አለን።